ካሚዮኔና የተሰማ በቅሎ

ቅናተኛ ነኝ። ይህን ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት አሁኑኑ ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ሌላው ሰው ሲቀና በቆንጆ ሚስት፣ በሰፊ መሬት ወይም በሹመት ነው። እኔ ግን ያልቀናሁበት ነገር የለም። የጎረቤቴ ጣራ በዝናብ ሳያፈስ ከከረመ እቀናለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ የቆመ ሽማግሌ ጉልበቱን ሳያመው ሲሰግድ ካየሁ እቀናለሁ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ለቅሶ ሄጄ፣ ለሟቹ የወረደለትን እንባ አይቼ፣ "ለእኔ እንዲህ የሚያለቅስልኝ ይገኝ ይሆን?" እያልኩ በሬሳ ቀንቼ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

ይህ የማወራችሁ ነገር የደረሰብኝ በጣሊያን ጊዜ ዲላ ላይ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበርና፣ ከእሱ የወረስኳት ጨው፣ ሳሙናና አቡጀዲ የምሸጥባት አንዲት ሱቅ ገበያው ዳር ነበረችኝ። ጣሊያን ያን ጊዜ ተራራውን እየናደ መንገድ ያወጣ ነበር። ከመንገድ ሠሪዎቹ አለቆች አንዱ፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ሽማግሌ፣ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር አሮጌ ካሚዮኑን ለእኔ ሸጠልኝ። ካሚዮን የምንለው ያኔ የጭነት መኪናን ነው። "ለምን ይዘዋት አይሄዱም?" ብዬ ብጠይቀው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በቋንቋው ረጅም ነገር ተናገረ። ጣሊያንኛ ስለማላውቅ ምርቃት መሰለኝ።

የካሚዮኗን መልክ ልንገራችሁ። ያላት መብራት አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው የት እንደቀረ እሷም አታውቅም። የግራ በሯ የሚዘጋው በጠፍር ታስሮ ነው። መቀመጫዋ ውስጡ ሣር ስለነበር አንድ ቀን ገበያ ዳር አቁሜያት ብመለስ ፍየል ግማሹን በልታው አገኘሁ። ከአካላቷ ሁሉ ጤነኛው ጥሩምባዋ ብቻ ነበር። ቢሆንም ካሚዮን ናት። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዲላ ከአገሬው ሰው ካሚዮን ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዕድሜ ልኬን በሰው ስቀና ኖሬ አሁን ተራዬ ደረሰ፣ ሰው ሊቀናብኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በተለይ እንዲቀናብኝ የፈለግሁት አንድ ሰው ነበር። ተሰማ ይባላል፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ኮርቻ እየሰፋ የሚሸጥ ሰው ነው። ተሰማ ጥርሱ ነጭ ነው። ሲስቅ ይታያል፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ይስቃል። የሰፈሩ ውሻ እኔን ሲያይ ይጮሃል፤ እሱን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል። ይህ ሁሉ ሳያንሰው አንዲት ዳማ ሰጋር በቅሎ ነበረችው። ያቺ በቅሎ ስትሰግር ከጀርባዋ ላይ በብርሌ ጠጅ ቢያስቀምጡ ጠብ አይልም ይባል ነበር። ጠዋት ጠዋት በሱቄ በር ስታልፍ፣ ደንበኛዬ የሚመዘንለትን ጨው ትቶ እሷን ያያል። እኔም ሚዛኑን እንደያዝኩ አያታለሁ። ስንት ጊዜ ጨው አብልጬ እንደመዘንኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ካሚዮኗን ያመጣሁ ዕለት በተሰማ ሱቅ ፊት አቁሜ ጥሩምባዋን ነፋሁለት። ወስፌውን አስቀምጦ ወጣ። ዞሮ ዞሮ ካያት በኋላ፣ "ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! እግዚአብሔር ይባርክልህ፣ ወንድሜ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ፊቱን ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ አንዲት የቅናት ምልክት የለም። እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

በዚህ ላይ ደግሞ አስካለ አለች። አስካለ የአቶ ደምሴ ልጅ ናት። አቶ ደምሴ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ገፍተው የተማሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። አስካለን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። የእኔ ሽማግሌዎች ከቤቱ ሲወጡ የተሰማ ሽማግሌዎች ሲገቡ በር ላይ ተሳሳሙ። አቶ ደምሴ ለሁለቱም የሰጡት መልስ አንድ ነው። "አሁን በልጅ ልጄ ክርስትና ተይዣለሁ። ይርጋ ጨፌ ደርሼ ስመለስ ቁርጡን እነግራችኋለሁ" አሉ።

የክርስትናው ነገር እንዲህ ነው። የአስካለ ታላቅ እኅት ይርጋ ጨፌ ወንድ ልጅ ወልዳ አርባ ቀኑ እሑድ ይሞላል። የአስካለ እናት አራሷን ለማረስ አስቀድመው እዚያው ሄደዋል። የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነው፤ አልተመቸኝም ተብሎ ለሌላ ቀን አይተላለፍም። ይህን እንደሰማሁ ሮጥኩና፣ "ቅዳሜ ጠዋት በካሚዮኔ አደርስዎታለሁ። እርስዎንም፣ አስካለንም፣ ሙክቱንም" አልኳቸው። በሆዴ ግን የተሰማ በቅሎ እስቲ ሙክት ትጫን ብዬ እየሳቅሁ ነበር። አቶ ደምሴ ደስ አላቸውና ከጣሊያን ቢሮ የይለፍ ወረቀት አወጡ። ያን ጊዜ ያለ ወረቀት ከአገር አገር ንቅንቅ የለም። ወረቀቱ ለዚያች ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም ከከተማው መውጫ ያለውን ኬላ ከቀትር በፊት ለማለፍ የተሰጠ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቅናቴ ሥራ የጀመረው። እኔ በተሰማ በቅሎ ይህን ያህል ከቀናሁ፣ ተሰማ በካሚዮኔ ምን ያህል ይቃጠል ይሆን? ፊቱ ላይ አለመታየቱ ነው ክፋቱ! እንዲህ የሚስቅ ሰው ዓይኑ ደህና ሊሆን አይችልም ብዬ ወደ አንድ ደብተራ ሄድኩ። ደብተራው ለሰው፣ ለላምና ለበቅሎ ክታብ ጽፏል፤ ለካሚዮን ግን ጽፎ አያውቅም። "የምትፈራውን ሰው የክርስትና ስም አምጣልኝ" አለኝ። የተሰማን የክርስትና ስም ከየት ላምጣው? ባወጣ ባወርድ መላ ስላጣሁ ራሱን ጠየቅሁት።

"ወልደ ሚካኤል ነው። ለምን ፈለግኸው?" አለኝ ክሩን እየሳበ።

"ላስጸልይልህ ብዬ ነው" አልኩት።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ሰው እንዲህ አስቦልኝ አያውቅም" አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባውም አማረበት፤ በእሱም ቀናሁ።

ክታቡ ተጽፎ በቀይ ቆዳ ከተሰፋ በኋላ የት ይታሰር የሚል ጣጣ መጣ። ለበቅሎ አንገቷ ላይ ነው፤ ካሚዮን አንገት የላትም። ደብተራው ጥቂት አሰበና፣ "እስትንፋሷ በሚወጣበት በኩል አድርገው" አለኝ። ካሚዮን በየት እንደምትተነፍስ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ከኋላዋ ጭስ በሚወጣበት፣ ጣሊያኖቹ ማርሚታ በሚሉት ቧንቧ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው እሑድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ ከካሚዮኗ ሥር ተንፏቅቄ ገባሁ። ክታቡን እርጥበት እንዳይነካው በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩት። መንገድ ላይ እንዳይወድቅብኝ ደግሞ ከጎረቤቴ ከጅግሶ "ጆንያ ልሰፋበት ነው" ብዬ ያመጣሁትን የእንሰት ቃጫ በዙሪያው ጠቀጠቅሁና በዱላ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጭሱ በየት ይወጣል ብለህ አላሰብክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አስቤያለሁ። ጭስ መውጫ ቢያጣ ራሱ ይፈልግ ብዬ ተውኩት። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ስለጣለም ካሚዮኗን አንድ ቀን እንኳ አላስነሳኋትም።

ቅዳሜ ጠዋት ብራ ሆነ። አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አስካለ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሙክቱም ቀንዱን ቅቤ ተቀብቶ መጡ። አስካለ "እንደምን አደሩ?" ብላ እጅ ነሳችኝ። ወዲያው ተሰማ ከማዶ ሱቁን ሲከፍት አየችውና "ተሰማ፣ እንዴት አደርክ?" አለችው። እኔን አንቱ፣ እሱን አንተ! በክብሬ እንዲህ የተናደድኩበት ቀን የለም። ያም ሆኖ "ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ታይ የለ" ብዬ ሙክቱን ከኋላ ጫንኩና ወደ ካሚዮኗ ፊት ሄድኩ።

ያን ጊዜ መኪና እንደ ዛሬው በቁልፍ አይነሳም። በፊቷ ባለው ቀዳዳ ማኖቬላ የሚሉትን ቆልማማ ብረት አስገብቶ በጉልበት ማዞር ነው። እጄን እንትፍ እንትፍ አልኩበት፤ አስካለ እያየችኝ መሆኑን አረጋገጥኩና አዞርኩ። ካሚዮኗ ክትክት አለችና ዝም አለች። ደግሜ አዞርኩ። ክትክት፣ ዝም። በሦስተኛው ብረቱ በእልህ ወደ ኋላ ተመልሶ አውራ ጣቴን መታኝ። የጮህኩት ጩኸት ሙክቱን አስበርግጎ ከላይ ሊያስዘልለው ነበር።

"ቤንዚን አላት?" አሉ አቶ ደምሴ። እንጨት ከትቼ አሳየኋቸው፤ አላት። "እርጥበት ገብቷት ይሆናል" አለ ከቆሙት አንዱ። እሳት የሚያስነሱትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትቼ በገዛ ጋቢዬ ጠረግኳቸው። አንዲት ጎረቤት በገል ፍም አምጥታልኝ አሞቅኋቸውና መልሼ አሰርኩ። አዞርኩ። ክትክት፣ ዝም። በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሶላቶ፣ የጣሊያን ወታደር፣ ቆም ብሎ ጎማዋን በጫማው መታና ለጓደኛው አንድ ነገር ተናግሮ ተሳሳቁ። ሰው እየበዛ መጣ። ገበያተኛ ዕቃውን አስቀምጦ ያየኝ ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሱቄ ይህን ያህል ሰው መጥቶ አያውቅም፤ ሳሙና የፈለገ ግን አልነበረም።

ሕዝቡን እየሰነጠቀ ጅግሶ መጣ። ጅግሶ ከከተማው በላይ እንሰትና ቡና ያለው የጌዴኦ ሰው ነው። ከብት የታመመበት ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። ብረቱን ዳበሰ፣ ጆሮውን ከጎኗ ለጠፈና፣ "አንዴ አዙር" አለኝ። ባላምንበትም አዞርኩ።

"ይሄ መኪና ሆዱ ተነፍቷል" አለ ጅግሶ። "የኔ ላም እንዲህ ሆኖ ነበር። ትንፋሽ ይገባል፣ አይወጣም። ከኋላ ዝግ ነው።"

ተሰብሳቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ግን ሳቄ እኩሌታው ላይ ደረቀ። ቃጫው ትዝ አለኝ። ዱላው ትዝ አለኝ። እንዴት አጥብቄ እንደጠቀጠቅሁት ትዝ አለኝ። 

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ከካሚዮኗ ሥር ገብቼ ክታቡን ባወጣው ትነሳለች፤ ግን በአስካለና በአባቷ ፊት፣ በተሰማም ፊት፣ ምን እንደሆነ ልናገር ነው። ባላወጣው አትነሳም። እኔ ሁለቱንም አልፈለግሁም። ሰው ሳያየኝ የምትነሳበትን ሦስተኛ መንገድ ነበር የፈለግሁት። ጅግሶ ወደ ኋላዋ ሲያመራ ሮጬ ከፊቱ ቆምኩ።

"ጅግሶ፣ መኪና እኮ ላም አይደለችም!"

"አውቃለሁ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ላም ወተት አለው።"

"ቁልቁለት ነው የሚያስፈልጋት" ብዬ ጮህኩ። "ግፉልኝ! ወደ ለገዳራ!"

ለገዳራ ከከተማችን ግርጌ የሚወርደው ወንዝ ነው። ገፉልኝ። መሪውን ይዤ፣ ሙክቱን ከኋላ እንደጫንኩ፣ ቁልቁል ተንደረደርኩ። ማርሽ አስገባሁ። ካሚዮኗ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ሁለት ጊዜ አቃሰተችና ጸጥ አለች። ጸጥ ትበል እንጂ አልቆመችም። ፍሬኗ ደግሞ ሲያሰኘው የሚይዝ ነበር። የፊት ጎማዎቿ ወንዙ ዳር ካለው ጭቃ ሲገቡ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ዕቃቸውን ትተው ሸሹ። አቶ ደምሴ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ። ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፣ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው አዩ፣ እኔንም አዩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

በዚህ ጊዜ ማን ከች አለ? ተሰማ፤ በቅሎውን እየሳበ።

"ወንድሜ፣ ከፊቷ እንሰርላት?" አለኝ። "እኛ ከኋላ እንግፋ፣ እሷ ትሳብ።"

በበቅሎ የምትጎተት ካሚዮን! ያውም በእሱ በቅሎ! "ግዴለም" ልል አፌን ስከፍት አቶ ደምሴ "ተባረክ፣ ልጄ" አሉት። እኔን ከዚያ በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ጠፍር ታሰረ። ጎበዙ ሁሉ ከኋላ ገፋ፤ ጅግሶና ሰዎቹ በጌዴኦኛ እየተቀባበሉ አዜሙ። ካሚዮኗ ከጭቃው ወጥታ ዳገቱን ተያያዘችው። የገፋው ሰው ሆኖ ሳለ "ጎበዝ! አንበሳ!" የሚባለው ለበቅሎዋ ነበር። በቅሎዋም ዳገቱ መሐል ላይ አንገቷን አዙራ መሪ የያዝኩትን እኔን አየችኝ። አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ። አገራችንን ባዕድ ይዟታል። የአቶ ደምሴ ወንድም ዱር ገብቶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። እኛ ለአንድ ሕፃን ክርስትና እንኳ ከሰው ፈቃድ ለምነን ነው የምንሄደው። እኔ ደግሞ በዚህ መሐል የሚያንገበግበኝ የበቅሎ ምስጋና ነው። ይህን አሰብኩና አዘንኩ። ዳገቱ ሲያልቅ አንዱ ሰው የበቅሎዋን ላብ በነጠላው ሲጠርግላት አየሁ፤ ቅናቴ ተመልሶ መጣ።

ሱቄ በር ስንደርስ አስካለ ጠጋ አለችኝ። "ጅግሶ ያለው ቦታ ቢታይ ምን አለበት?" አለችኝ በለሆሳስ።

"እሱ ጭስ መውጫ ነው" አልኳት። "ጭስ የሚመጣው ከተነሳች በኋላ ነው። ሳትነሳ የጭስ መውጫ ምን ያደርግላታል?" ንግግሬ ለራሴም ደስ አለኝ። 

አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን አጣፉ። "እንግዲህ ቀትር ሊደርስ ነው" አሉ። "እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ምሽትም ቢሆን እደርሳለሁ። አስካለ በበቅሎዋ ትሂድ። ተሰማ፣ አንተ ትስብላታለህ።"

ተሰማ አንጸባራቂውን ኮርቻ አስተካከለ። ከዲላ ይርጋ ጨፌ! እሱ ልጓሙን ይዞ፣ እሷ ከላይ ተቀምጣ፣ በወናጎ በኩል፣ በእንሰቱና በቡናው መሐል! የሚነጋገሩት ሁሉ በጆሮዬ መጣ። አስካለ እግሯን ወደ እርካቡ አነሳች። እግሯ እርካቡን ሳይነካ፣ እፍረት ለምኔ፣ "ቆይ! ቆዩ! ከኋላ ይታይ!" ብዬ ስጮህ ራሴን ሰማሁት።

ተሰማ ነው የገባው። በነጭ ልብሱ አቧራው ላይ ተጋደመ፤ ኮርቻ የሚሰፋበትን ወስፌ ወደ ማርሚታው ሰድዶ ይጎለጉል ጀመር። መጀመሪያ ቃጫ ወጣ። ቀጥሎም ቃጫ። ደግሞ ቃጫ። ጅግሶ አንዱን አንስቶ በጣቶቹ መሐል አሸው።

"ይሄ የኔ ቃጫ ነው" አለ። "ጆንያ ልሰፋ ብለህ የወሰድከው።"

ከዚያ የእንሰት ቅጠሉ ወጣ። በመጨረሻ ቀይዋ ክታብ ጠብ አለችና አቶ ደምሴ እግር ሥር ተንከባለለች። 

"አይጥ ትሆናለች ያስገባችው" አልኩ።

"ክታብ የያዘች አይጥ?" አሉ አቶ ደምሴ። አነሷት፤ ስፌቷን በተሰማ ወስፌ ፈቱና ብራናውን ዘረጉ። ከዚያም በቤተ ክርስቲያን በለመዱት ድምፅ አነበቡት። "አድኅና ለዛቲ ካሚዮን እምዓይነ ወልደ ሚካኤል።" ቀና ብለው ለሕዝቡ ተረጎሙት። "ይህቺን ካሚዮን ከወልደ ሚካኤል ዓይን አድናት፣ ይላል። ወልደ ሚካኤል ማነው?"

ተሰማ ከካሚዮኗ ሥር ወጣ። ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነበር፤ ያም ጥርስ ለአንድ አፍታ ተከደነ።

"እኔ ነኝ" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "ላስጸልይልህ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ።"

በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ አስካለ ሳቀች። ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ፣ የካሚዮኗን በር ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ዓመት ሙሉ በስንት ቀልድ ላስቃት ሞክሬ አልሆነልኝም ነበር። እሷ ስትስቅ ተሰማም ሳቀ፤ ገበያውም ተከተለ። ሙክቱ ብቻ ነው ያልሳቀብኝ።

እኔ ማኖቬላውን አንድ ጊዜ ሳዞረው ካሚዮኗ አገር እስኪንቀጠቀጥ ተነሳች። የቀረው ቃጫ ከጥላሸት ጋር ተተኩሶ፣ ሊያይ የተመለሰው ሶላቶ ጫማ ላይ አረፈ። ጅግሶ "ተነፈሰ!" ብሎ አጨበጨበ። አቶ ደምሴ ከጎኔ ገብተው ተቀመጡና፣ "ተሰማ ከኋላ ይሳፈር። እንደገና ብትታመም መድኃኒቷን የሚያውቀው እሱ ነው" አሉ። በቅሎዋ ለጅግሶ በአደራ ተሰጠች። አስካለም "እዚያ ውስጥ ቤንዚን ይሸታል" ብላ ከኋላ ወጣች።

ስለዚህ ያን ቀን የምወዳትንና ተፎካካሪዬን በገዛ ካሚዮኔ፣ በገዛ ቤንዚኔ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ይርጋ ጨፌ ያደረስኩ እኔ ነኝ። ኬላውን ለጥቂት አለፍን። ወደ ኋላ የሚያሳይ መስታወት የለኝም። የሚሰማኝ ሳቃቸው ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ስነዳ ይስቃሉ፤ ጉድጓድ ፈልጌ ስገባበትም ይስቃሉ። ከጎኔ ደግሞ አቶ ደምሴ ክታቡን ከራስ እስከ ግርጌ እያነበቡ፣ "የእጅ ጽሑፉ መልካም ነው" ይሉኛል። ሕፃኑ በማግስቱ በሰዓቱ ክርስትና ተነሳ፤ ጥሩምባዬንም ነፋሁለት።

ስንመለስ ሽማግሌዎቼ ቁርጡን ሊሰሙ ሄዱ። አቶ ደምሴ ልጃቸውን ለተሰማ ሰጥተዋል። የላኩልኝን ቃል ሽማግሌዎቼ እንደሰሙት ነገሩኝ። "በልጄ ቀንቶ ቢሆን ባልከፋኝ" ብለዋል። "ክታቡን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአስካለ ስም የለበትም። ያለው የካሚዮን ነው።"

ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። ከዚያ ሁሉ ቀን ሆዴ ውስጥ የቀረው የአስካለ ሳቅ ሳይሆን፣ የዚያች በቅሎ ዳገት ላይ የተመሰገነችው ምስጋና ነበር። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት መንገዱን ተሻግሬ ተሰማን፣ "ካሚዮኗን ውሰድ፣ በቅሎዋን ስጠኝ" አልኩት። "እርግጠኛ ነህ፣ ወንድሜ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ተለዋወጥን። ሙሽሮቹ የሄዱት በካሚዮኗ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሚዮኗ ለተሰማ በመጀመሪያው ዙር ትነሳለች። አንድ ቀን እንኳ አክትክታ አታውቅም። በቅሎዋ ግን ሱቄ በር ላይ ቆማ አትነቃነቅም። ብስባት አትሄድም፤ ብገፋት አትሄድም። ፊቷን ወደ ተሰማ ሱቅ አዙራ እዚያው ትውላለች። ሰው እንደገና ይሰበሰብብኝ ጀመር። ጅግሶን አስጠራሁት፤ ጆሮውን ከሆዷ ለጥፎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ጤነኛ ነው" አለኝ። "አንተን አልፈለገም፣ ሌላ ምንም የለም።"

ከሠርጉ ጥቂት ወራት በኋላ ተሰማ ካሚዮኗን ሱቄ በር ላይ አቆመ። አስካለ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ ቤንዚን የሚሸታትም አትመስልም። ተሰማ ወርዶ አንገቱን በሱቄ መስኮት አስገባ።

"ወንድሜ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?" አለኝ።

"ለምን ፈለግኸው?"

"ላስጸልይልህ ብዬ ነው" አለኝ፤ ያ ነጭ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

ነገርኩት፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ልስባት ከመሞከሬ በፊት፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ዞር ብዬ የበቅሎዬን ጅራት ገለጥ አድርጌ አይ ነበር።